ከአናፖሊስ እስከ ኖርፎክ፦ በሸራ ጀልባ ረጅም ጉዞ ልበ ሙሉ ለመሆን

በዋሽንግተን፣ በሲልቨር ስፕሪንግ ወይም በአሌክሳንድሪያ አካባቢ የምትኖሩ ከሆነ የቼሳፒክን ባሕረ ሰላጤ ታውቁታላችሁ። ሳንዲ ፖይንት ላይ ሥጋ ጠብሳችሁ ይሆናል። ወደ ኦሽን ሲቲ ስትሄዱ በቤይ ብሪጅ አልፋችኋል። ከድልድዩ ላይ ቁልቁል ስታዩ ነጫጭ ሸራዎች ውሃው ላይ ተበትነው ይታያሉ። "እነዚህ ሰዎች አይፈሩም እንዴ?" ብላችሁም ይሆናል።

ይፈራሉ። ግን የሚያስፈራቸውን ነገር አንድ በአንድ ለይተውታል። "ነፋሱ ቢበረታስ? ሰው ውሃ ውስጥ ቢወድቅስ? ሞተሩ ቢጠፋስ?" ለእያንዳንዱ "ቢሆንስ" እጃቸው የሚያውቀው መልስ አላቸው። ይህ መመሪያ ያንን መልስ ደረጃ በደረጃ ለመሰብሰብ ነው። መሠረታዊ ትምህርት ለወሰዳችሁ ወይም ከጓደኛ ጋር ጥቂት ጊዜ ለወጣችሁ፣ አሁን ደግሞ ጀልባ ይዛችሁ ከአናፖሊስ እስከ ኖርፎክ መውረድ ለምትፈልጉ ነው የጻፍኩት።

ርቀቱ ወደ 130 የባሕር ማይል ገደማ ነው። በየወደቡ መግባትና መውጣቱ ሲጨመር ይበልጣል። አንድ የባሕር ማይል 1.852 ኪሎ ሜትር ነው። በሰዓት አንድ የባሕር ማይል መሄድ ደግሞ አንድ ኖት ይባላል። መካከለኛ የሸራ ጀልባ በአማካይ 5 ኖት ትሄዳለች ብላችሁ አስሉ። ስለዚህ ጉዞው በቀን በቀን የሚከፋፈል ነው፤ ጥሩነቱም እዚህ ላይ ነው። በየቀኑ አዲስ ወደብ፣ አዲስ የአየር ሁኔታ፣ አዲስ ውሳኔ ይመጣል።

ቼሳፒክ ለዚህ ትምህርት የተመቸ ነው። ርዝመቱ 320 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ወንዞቹ ሲጨመሩ አማካይ ጥልቀቱ 6.4 ሜትር ብቻ ነው። አብዛኛው ወለል ጭቃ ስለሆነ ተሳስታችሁ ብትነኩት እንደ አለት ጀልባ አይሰብርም። የባሕሩ ሙላትና ጉድለት አናፖሊስ ላይ 30 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ነው። ግን አትናቁት። ጥልቀት ስለሌለው ነፋስ ሲነሳ ሞገዱ አጭርና ቀጥ ያለ ይሆናል፤ ጀልባን ያንገላታል።

ደረጃ 1፦ ዋና፣ ጃኬት፣ ወረቀት

ብዙዎቻችን ዋና ሳንማር ነው ያደግነው። ባሕር ለእኛ ጭራሽ እንግዳ ነው የሚለውን ግን አልቀበልም። ጣና ላይ ታንኳ ሲቀዝፉ የኖሩ ወገኖች አሉን። ምጽዋን ዋና ሰፈሩ ያደረገ ባሕር ኃይልም እ.ኤ.አ. ከ1955 ጀምሮ ነበረን። ዋና የማትችሉ ከሆነ ክረምቱን በአካባቢያችሁ የሕዝብ መዋኛ ገንዳ ተማሩ። ፈጣን ዋናተኛ መሆን አይጠበቅባችሁም። ልብስ ለብሳችሁ ውሃ ውስጥ ገብታችሁ፣ ሳትደናገጡ ተንሳፍፋችሁ መተንፈስ ከቻላችሁ ትልቁ ሥራ ተሠርቷል።

ላይፍ ጃኬት የሚለበስ እንጂ ወንበር ሥር የሚቀመጥ ዕቃ አይደለም። ሜሪላንድ ውስጥ ከ21 ጫማ ባጠረች ጀልባ ላይ ከ13 ዓመት በታች ያለ ልጅ እንዲለብስ ሕጉ ያስገድዳል። እኔ ደግሞ አዋቂውም ሁልጊዜ ይልበስ ባይ ነኝ። በተለይ በሚያዝያ። ፀሐዩ ያሞቃል፣ ውሃው ግን ገና በረዶ ነው። ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ድንገት የገባ ሰው ጎበዝ ዋናተኛ ቢሆንም ትንፋሹ ይቆራረጣል።

ወረቀቱ ቀላል ነው። እ.ኤ.አ. ከጁላይ 1 ቀን 1972 ወዲህ የተወለደ ሰው በሜሪላንድ ጀልባ ለመንዳት የደኅንነት ትምህርት የምስክር ወረቀት ያስፈልገዋል። በኢንተርኔት መማር ይቻላል። የሸራ ትምህርቱን ግን በኢንተርኔት አትጨርሱት። አናፖሊስ በሸራ ትምህርት ቤቶች የታወቀች ከተማ ናት። መጀመሪያ መሠረታዊውን፣ ቀጥሎ የባሕር ዳርቻ ጉዞ የሚባለውን ኮርስ ውሰዱ።

ደረጃ 2፦ ጀልባዋን ታስራ እያለች እወቋት

ይህን ደረጃ ብዙ ሰው ይዘለዋል። እኔ ግን ከሁሉም በላይ ጊዜ ስጡት የምለው ይሄንኑ ነው።

ነፋስ በሌለበት ቀን ጀልባዋ ዶክ ላይ ታስራ እያለች ትልቁን ሸራ ስቀሉ። ከዚያ ቀንሱት። ሸራ መቀነስ ማለት ከታች አጥፎ ማሳጠር ነው። የትኛው ገመድ ይለቀቃል? የትኛው ይሳባል? ቅደም ተከተሉን ጮክ ብላችሁ ተናገሩት። ደግማችሁ ሥሩት። ከዚያ ማታ በጨለማ ሥሩት። 20 ኖት ነፋስ ውስጥ ሆናችሁ ገመድ መፈለግ አትፈልጉም።

ሞተሩን አስነሱ። ማቀዝቀዣው ውሃ ከኋላ ሲወጣ አዩት? ካልወጣ ወዲያው አጥፉ። ከጀልባዋ ሆድ በኩል ውሃ የሚያስገቡትን ቧንቧዎች ሁሉ ፈልጋችሁ አግኙ፤ ከፍታችሁ ዝጓቸው። የባትሪ ማብሪያው፣ የውሃ መምጠጫው ፓምፕ፣ የእሳት ማጥፊያው የት እንዳሉ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ መንካት መቻል አለባችሁ።

ቀጥሎ ዶክ ላይ መጠጋት ነው። እውነቱን ለመናገር የብዙ ጀማሪ ትልቁ ፍርሃት ባሕሩ ላይ አይደለም፣ እዚህ ነው። ሰው ያያል። ውድ ጀልባዎች በግራና ቀኝ ቆመዋል። ስለዚህ ማሪናው ጭር በሚልበት በሥራ ቀን ጠዋት ሂዱ። ባዶ የሆነ ረጅም ዶክ ምረጡ። ከተቻለ አፍንጫዋን ወደ ነፋሱ አድርጋችሁ ቅረቡ፤ ነፋሱ ራሱ ፍሬን ይሆናችኋል። ፍጥነታችሁ ዶኩን ብትነኩት ከማይጎዳችሁ ፍጥነት አይብለጥ። መከላከያ ትራሶቹ ገና ሳትቀርቡ ተንጠልጥለው፣ ገመዶቹ ተዘጋጅተው ይጠብቁ። መጀመሪያ የሚታሰረው ከጀልባዋ መሐል የሚወጣው ገመድ ነው። እሱ ከተያዘ ጀልባዋ የትም አትሄድም፣ ሌላው በቀስታ ይደርሳል። አቀራረቡ ካላማራችሁ ገና ሳትጠጉ ወጥታችሁ ዙሩና እንደገና ግቡ። ማንም ሰው ለዚህ አይስቅባችሁም። የሚያውቁት እንዲያውም ያከብሯችኋል።

ደረጃ 3፦ የቀን ጉዞ፣ ሁለት ልምምድ

ከሴቨርን ወንዝ አፍ ወጥታችሁ ጥቂት ማይል ወደ ደቡብ ውረዱ። እ.ኤ.አ. በ1875 የተሠራው የቶማስ ፖይንት የመብራት ማማ እዚያ አለ፤ ውሃው መሐል በብረት እግሮች ላይ የቆመ ባለ ስድስት ማዕዘን ቤት ነው። እስከዚያ ደርሶ መመለስ ጥሩ የግማሽ ቀን ልምምድ ነው። በመንገድ ላይ ሁለት ነገር ተለማመዱ።

አንደኛው ጀልባዋን ሸራ ሳታወርዱ ማሳረፍ ነው። ወደ ነፋሱ ተጠግታችሁ ሂዱ። ከዚያ ነፋሱን አቋርጣችሁ ዙሩ፣ ግን የፊቱን ሸራ ገመድ አትልቀቁ። ሸራው በተቃራኒው ጎን ነፋስ ይይዛል። ትልቁን ሸራ ትንሽ አላሉት። መሪው ክብ ከሆነ ወደ ነፋሱ አዙራችሁ እሰሩት፤ ዱላ ከሆነ ከነፋሱ አርቃችሁ እሰሩት። የፊቱ ሸራ ወደ አንድ ወገን፣ መሪው ወደ ሌላው ይገፋል። ጀልባዋ ቀስ ብላ ወደ ጎን እየተንሳፈፈች ትረጋጋለች። ጫጫታው በድንገት ይቀንሳል። ምሳ መብላት፣ ካርታ ማየት፣ የተረበሸ ሰው ማረጋጋት ትችላላችሁ። ከሁሉም ልምምድ ለልብ ይህን ያህል የሚጠቅም አላውቅም። ምንም ነገር ሲበዛባችሁ "ቆይ እስቲ" ማለት የምትችሉበት ቦታ አገኛችሁ ማለት ነው። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ በተንሳፈፋችሁበት አቅጣጫ በቂ ባዶ ውሃ መኖሩን መጀመሪያ አረጋግጡ።

ሁለተኛው ውሃ ውስጥ የወደቀ ሰው ማንሳት ነው። የወደቀውን ሰው የሚተካ ተንሳፋፊ ትራስ ወርውራችሁ "ሰው ወደቀ!" ብላችሁ ጩኹ። አንድ ሰው ሥራው በጣቱ ማመልከት ብቻ ይሁን፤ ዓይኑን ለአፍታም አይንቀል። ሌላው ተንሳፋፊ ነገር ይወርውር፣ ጂፒኤሱ ላይ ቦታውን ምልክት ያድርግ። ወዲያው ዙሩና ከነፋሱ በታች ሆናችሁ፣ አፍንጫዋ ወደ ነፋሱ ዞሮ ቀስ ብላችሁ ቅረቡ። ሰውየው አጠገብ ስትደርሱ ሞተሩ ማርሽ ውስጥ መሆን የለበትም። ትራሱን ማግኘት የሥራው ግማሽ ነው። ከባዱ፣ ልብሱ የራሰ አዋቂን ሰው ወደ ላይ ማውጣት ነው። መሰላላችሁ የት ነው? እንዴት ይዘረጋል? ይህን ሞቃት ቀን መርጣችሁ፣ መልሕቅ ጥላችሁ፣ ሞተሩን አጥፍታችሁ፣ በእውነተኛ ሰው ሞክሩት።

ደረጃ 4፦ የመጀመሪያዋ አዳር

ከቶማስ ፖይንት አለፍ ብሎ ሮድ ሪቨርና ዌስት ሪቨር አሉ። የተከለሉ፣ ጭቃ ወለል ያላቸው፣ ለመጀመሪያ አዳር ምቹ ናቸው።

የመልሕቅ ሒሳቡ እንዲህ ነው። የውሃው ጥልቀት 3 ሜትር ከሆነና አፍንጫዋ ከውሃው 1 ሜትር ከፍ ካለች ድምሩ 4 ነው። በሰባት አባዙት። 28 ሜትር ሰንሰለትና ገመድ ትለቃላችሁ። መልሕቁን ጥላችሁ ወደ ኋላ ቀስ ብላችሁ ሂዱ፣ መጨረሻ ላይ ሞተሩን ጠንከር አድርጋችሁ ወደ ኋላ ጎትቱት። ከያዘ ጀልባዋ ትቆማለች። ከዚያ የባሕር ዳር ሁለት ነገሮችን አስተያዩ፤ ለምሳሌ ከፊት ያለ ዛፍ ከኋላ ካለ ቤት ጋር። የሁለቱ አቀማመጥ ካልተለወጠ አልተንቀሳቀሳችሁም። ስልካችሁ ላይም የመልሕቅ ማንቂያ አድርጉ። የመጀመሪያው ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ይላል። ተነስታችሁ እዩ፣ ተመልሳችሁ ተኙ። ሁለተኛው ሌሊት ይሻላል።

ደረጃ 5፦ ጉዞውን መቁረጥና የውሳኔ ነጥብ ማስቀመጥ

በበጋ ቼሳፒክ ላይ የሚበዛው ነፋስ ከደቡብ ይመጣል። ወደ ደቡብ ለሚወርድ ሰው ፊት ለፊት ነው። ስለዚህ ሴፕቴምበር መጨረሻና ኦክቶበር ይመረጣል። ቀዝቃዛ አየር ሲያልፍ ከሰሜን የሚነፍሰው ነፋስ ከኋላ ይገፋችኋል። የሚናደፈው ጄሊፊሽም በዚያ ወቅት ይቀንሳል። የአውሎ ነፋስ ወቅት ስላላለቀ ግን ትንበያውን በየቀኑ ተከታተሉ።

ከአናፖሊስ እስከ ሶሎሞንስ 45 ማይል ገደማ ነው። በ5 ኖት 9 ሰዓት። ለመጀመሪያ ቀን ይበዛል። ሄሪንግ ቤይ ላይ አድራችሁ ቁረጡት። በማግስቱ ወደ ሶሎሞንስ ስትወርዱ በቀኝ በኩል የካልቨርት ገደላ ገደል ይታያል። ያማረ ነው፣ ግን በዚያ ዳርቻ ለረጅም ርቀት በቀላሉ የሚገባበት መጠለያ የለም። የውሳኔ ነጥብ የሚያስፈልገው እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ነው።

የውሳኔ ነጥብ ማለት ከቤት፣ ልብ ሲረጋጋ፣ በወረቀት የተጻፈ ቃል ነው። "ከሄሪንግ ቤይ ስንወጣ ነፋሱ ከደቡብ ከ15 ኖት በላይ ከሆነ እንመለሳለን።" ቦታው፣ ሰዓቱና ቁጥሩ ይጻፍ። ባሕሩ ላይ ሆናችሁ ስትደክሙ አእምሮ "ትንሽ እንሂድ" ይላል። ወረቀቱ አይደክምም። መመለስን እንደ ሽንፈት አትቁጠሩት። በትክክለኛው ሰዓት የተመለሰ ሰው ራሱን ማመን ይማራል፤ በሚቀጥለው ጊዜ የሚወጣው ተጨናንቆ አይደለም።

ትንበያውን በቪኤችኤፍ ሬዲዮ (ጀልባዎች በሚነጋገሩበት ሬዲዮ) የአየር ሁኔታ ቻናሎች ስሙ። ባሕረ ሰላጤው በክፍል በክፍል ተከፋፍሎ ይነገራል፤ ለምሳሌ ከድረም ፖይንት እስከ ስሚዝ ፖይንት። የእናንተን ክፍል ለዩ። ለትንንሽ ጀልባዎች ማስጠንቀቂያ ከወጣ ለዚህ ጉዞ ቀኑ የማረፊያ ቀን ነው። ሸራውንም አስቀድማችሁ ቀንሱ። "ልቀንስ ይሆን?" የሚል ሐሳብ ከመጣ ሰዓቱ አሁን ነው። በኋላ ነፋሱ ከላላ መልሶ መክፈት ቀላል ነው።

ደረጃ 6፦ የከሰዓት ነጎድጓድ

በጁላይና በኦገስት ከሄዳችሁ ይህን በደንብ አንብቡ። ቀኑ ይሞቃል፣ ይወብቃል። ከሰዓት በኋላ በምዕራብ ወይም በሰሜን ምዕራብ ሰማዩ ይጠቁራል። ከዚያ በደቂቃዎች ውስጥ ኃይለኛ ነፋስና ዝናብ ይደርሳል። ዋናው መከላከያ ማልዶ መውጣትና ከቀኑ ስምንት ሰዓት በፊት መልሕቅ ጥሎ መገኘት ነው።

ባሕር ላይ ከያዛችሁ ግን ቅደም ተከተሉ ይህ ነው። ሁሉም ጃኬት ይልበስ። ሸራዎቹ ወርደው ጠብቀው ይታሰሩ። ሞተሩ ይነሳ። መስኮቶች ይዘጉ። ያላችሁበት ቦታ ይጻፍ፤ ዝናቡ ሲመጣ የሚታይ ነገር አይኖርም። ልጆች ወደ ውስጥ ይግቡ፣ ማንም ብረት አይንካ። ነፋሱ ወደ ዳርቻ የሚገፋችሁ ከሆነ ከዳርቻው ራቁ። በብዛት ቶሎ ያልፋል። ሲያልፍም ሰማዩ ጥርት ይላል።

ደረጃ 7፦ ትልልቅ መርከቦችና ጥቃቅን ወጥመዶች

ወደ ባልቲሞር የሚሄዱ መርከቦች 15 ሜትር ጥልቀት ባለው መተላለፊያ ይሄዳሉ። እናንተ ያ ጥልቀት አያስፈልጋችሁም። ከመስመሩ ጠርዝ ውጭ ሂዱ። መርከብ ስታዩ አቅጣጫውን በኮምፓስ ለኩ። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ እንደገና ለኩ። እየቀረበ አቅጣጫው ካልተለወጠ ልትጋጩ ነው፤ ቀድማችሁ፣ በግልጽ በሚታይ መጠን ዙሩ። ጎታች ጀልባ ካያችሁ ኋላዋን ተመልከቱ። በረጅም ገመድ ጭነት እየጎተተች ሊሆን ይችላል። በሁለቱ መካከል በፍጹም አትለፉ።

ጥልቀቱ አነስ ባለበት ደግሞ የሸርጣን ወጥመድ ምልክቶች በብዛት ይንሳፈፋሉ። ገመዳቸው የሞተር ክንፍ ላይ ይጠመጠማል። አንድ ሰው ሁልጊዜ ወደ ፊት ይይ።

ደረጃ 8፦ ደቡባዊው ግማሽ

ከሶሎሞንስ በኋላ ውሃው ይሰፋል። የፖቶማክ ወንዝ አፍ ከፖይንት ሉክአውት እስከ ስሚዝ ፖይንት ወደ 10 ማይል ገደማ ነው፤ ነፋስና የውሃው ፍሰት ሲቃረኑ ክፉኛ ያንገላታል። የፍሰት ሰንጠረዡን አይታችሁ ነፋሱ ሳይነሳ ማልዳችሁ አቋርጡት። ባሕር ኃይሉ የሚለማመድባቸው የተከለሉ ቦታዎችም በካርታው ላይ አሉ፤ አስቀድማችሁ ምልክት አድርጉባቸው።

ቀጥሎ ያሉት ማረፊያዎች ግሬት ዊኮሚኮ ወንዝ፣ ዴልታቪል፣ ከዚያ ሃምፕተን ናቸው። ከዴልታቪል እስከ ሃምፕተን ያለው ቀን ረጅም ነው። እዚህ ስትደርሱ ግን መልሕቅ መጣሉም፣ ሸራ መቀነሱም ሳታስቡት እጃችሁ የሚሠራው ሆኗል። ኖርፎክ ላይ የዓለም ትልቁ የባሕር ኃይል ሰፈር አለ። ከአሜሪካ የጦር መርከብ በ500 ያርድ ውስጥ ከሆናችሁ ፍጥነታችሁን መምራት እስከምትችሉበት ዝቅተኛ መጠን ቀንሱ፤ ከ100 ያርድ ባነሰ ርቀት አትቅረቡ።

አብረዋችሁ የሚሄዱት ሰዎች

ካፒቴኑ ብቻውን ልበ ሙሉ ቢሆን ጀልባዋ ልበ ሙሉ አትሆንም። ቤተሰብ ይዛችሁ ከሆነ ትእዛዞቹን አስቀድማችሁ ተስማሙ። "ልዞር ነው!" ሲባል "ዝግጁ!" ይባል። "ራስ ዝቅ!" ሲባል ማንም አይጠይቅ፤ ከትልቁ ሸራ ሥር ያለው አግዳሚ ሊያልፍ ነው።

ሬዲዮኑን ሁሉም ይወቀው። ቻናል 16 የጥሪና የአደጋ ነው። ከሬዲዮኑ አጠገብ ወረቀት ለጥፉ፦ "ሜይዴይ" (የአደጋ ጥሪው ቃል) ሦስት ጊዜ፣ የጀልባዋ ስም፣ ያላችሁበት ቦታ፣ ምን እንደደረሰ፣ ስንት ሰው እንዳለ። እንግሊዝኛውን በግዕዝ ፊደል ጭምር ጻፉት። እናታችሁ አብረው ካሉ ሬዲዮኑ ላይ ያለውን ቀይ ቁልፍ ክዳኑን ከፍተው ለጥቂት ሰከንዶች መጫን እንዲችሉ አሳዩዋቸው። ሬዲዮኑ በትክክል ከተመዘገበና ከጂፒኤስ ጋር ከተገናኘ ቦታችሁን ራሱ ይልካል።

የት እንደምትሄዱና መቼ እንደምትደርሱ የሚያውቅ ሰው የብስ ላይ ይኑር። በየቀኑ ማታ ደውሉለት። ካልደወላችሁ በስንት ሰዓት ለኮስት ጋርድ (ለባሕር ዳርቻ ጠባቂው) እንደሚናገር ተስማሙ።

ስለ ምግብ፦ ቆሎና ዳቦ ቆሎ ለጀልባ የተሠሩ ይመስላሉ። አይበላሹም፣ አይደፉም፣ ሆድ አይረብሹም። ዝንጅብል ሻይ በፔርሙስ ያዙ፤ ማቅለሽለሽ ለያዘው ሰው ይረዳል። የታመመውን ሰው ወደ ውስጥ አታስገቡት። መሪውን ስጡት፣ አድማሱን ይይ።

ማታ ማታ የሚጻፍ

አንድ ደብተር ያዙ። በየቀኑ ሦስት ነገር ጻፉ፦ ዛሬ ምን አስፈራኝ፣ ምን አደረግሁ፣ ነገ ምን እለያለሁ። ሲያልቅ መጀመሪያ ገጾች ላይ ያለው ፍርሃት ኋላ እንደማይገኝ ታያላችሁ። ያልጠፋ ካለ ደግሞ በሚቀጥለው ልምምድ የምትሠሩበት እሱ ነው።

ኖርፎክ ስትደርሱ ቢያንስ አንድ ሙሉ ቀን እረፉ። ሞተሩን፣ ገመዶቹንና ሸራዎቹን ፈትሹ። ለመመለሻው የደቡብ ነፋስ ጠብቁ፤ ያኔ ወደ ሰሜን የሚገፋችሁ እሱ ነው። በመመለሻው ላይ ሚናውን ቀይሩ። አብሯችሁ የወረደው ሰው ትንበያውን ይስማ፣ የውሳኔ ነጥቡን ይጻፍ፣ ጀልባዋንም ዶክ ላይ እሱ ያስጠጋ። እናንተ ገመዱን ይዛችሁ ጠብቁ።